ለአረጋውያን የሚመች ቤት፦ ተማሪዎችን ሳስተምር ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ አርክቴክቸር አስተምራለሁ። በዲዛይን ስቱዲዮ ትምህርት ተማሪዎቼን አንድ ሴሚስተር ሙሉ በአንድ አረጋዊ ቤት ላይ አሠራቸዋለሁ። አዲስ ቤት አይሠሩም። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አሁን የሚኖሩበትን ቤት ለአደጋ የማያጋልጥ እንዲሆን ያስተካክላሉ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ትምህርት ለመጀመር ላሰባችሁ መምህራን ነው። የእናት የአባታችሁ ቤት ለሚያሳስባችሁ ልጆችም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በዓለም ላይ 684 ሺህ ያህል ሰው በመውደቅ ምክንያት ይሞታል። ሳይታሰብ ከሚደርሱ ጉዳቶች ውስጥ ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። በብዛት የሚሞቱትም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ናቸው። ይህን ቁጥር ለተማሪ ስነግረው ደብተሩ ላይ ጽፎ ያልፋል። "በዘመድ ወይም በጎረቤት፣ ባኞ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ድሮ ወደነበሩበት ያልተመለሱ ሰው የምታውቁ?" ስል ግን ብዙ እጅ ይወጣል። ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ስለ አረጋውያን ዲዛይን ሲነሳ ተማሪ ቶሎ የሚመጣለት ትልቅ የመጦሪያ ማዕከል ነው። ግቢው አረንጓዴ፣ ኮሪደሩ ሰፊ፣ ጣሪያው ልዩ። እኔ ይህን እንደ መጀመሪያ ሥራ አልሰጥም። ማዕከሉ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ያሉት በተማሪው ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። ስም የላቸውም፣ የሚያማቸው ጉልበት የላቸውም፣ "እምቢ" አይሉም። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያረጀው በገዛ ቤቱ ወይም በልጁ ቤት ነው። በቀበሌ ቤት፣ በኮንዶሚኒየም፣ ድሮ በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት ውስጥ።

"ቲቸር፣ ይሄ ዲዛይን ነው እንዴ? ጥገና አይደል?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። አንዲት እናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ሽንት ቤት ደርሰው፣ በሰላም እንዲመለሱ ማድረግ ከባድ የዲዛይን ሥራ ነው። ሰውነት እንዴት እንደሚነሳና እንደሚቀመጥ ማወቅ ይጠይቃል። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠይቃል። የሰፈሩ ብየዳ ቤት ምን መሥራት እንደሚችል ማወቅ ይጠይቃል። ትልቅ ሕንፃ ላይ ስህተት ብዙ ጊዜ ይደበቃል። እዚህ ግን አይደበቅም።

ቤት ማግኘትና መግባት

የራሱን አያት ቤት መውሰድ ለተማሪ ይቀለዋል። እኔ የሌላ ሰው ቤት እንዲወስድ እመርጣለሁ። የለመደውን ቤት ዓይኑ አያየውም፤ አያቱ ደፉን እየተሻገሩ ሲንገዳገዱ ኖረው እሱ ልብ ላይለው ይችላል። ቤት ለማግኘት ጥሩው መንገድ እድር ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን በቅርቡ እንደወደቀ፣ ማን እንግዳ እንደማይወድ ያውቃል። እሱ አስተዋውቆን ስንገባ በሩ ሌላ ዓይነት ይከፈታል።

አንድ ነገር አደራ። የመጀመሪያው ቀን ሜትር ይዛችሁ አትግቡ። ያልታወቀ ወጣት ሜትር ዘርግቶ ግድግዳ መለካት ሲጀምር ብዙ አረጋውያን "ቤቱ ሊፈርስ ነው" ብለው ይደነግጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለእርዳታ ሊመዘገቡ ነው ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ሁለቱም ልብ ይሰብራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሜትርም የስልክ ካሜራም ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። ተማሪዎቹ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ የቤቱ ባለቤት ሴት ከሆኑ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሆናለች። ባዶ እጅ አይገባም፤ ትንሽ ቡና ወይም ስኳር ይያዛል። ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። "የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?" ይባላሉ፤ ይመልሳሉ። ምን መሥራት እንደምንችልና ምን እንደማንችል በግልጽ ይናገራሉ። ያልተረጋገጠ ነገር ቃል መግባት በእኔ ክፍል ነጥብ ያስቀንሳል።

አጠያየቅም ይሰለጥናል። "እማማ፣ ወድቀው ያውቃሉ?" ብሎ የጠየቀ ተማሪ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የሆንኩት የለም ልጄ" ይባልና ይመለሳል። ብዙ አረጋውያን መውደቃቸውን አይናገሩም። ከተናገሩ ልጆቻቸው ብቻቸውን መውጣት ይከለክሏቸዋል ብለው ይፈራሉ። ጥያቄውን ስንቀይረው መልሱም ይቀየራል። "እማማ፣ ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ይይዛሉ?" "ቁም ሳጥኑን እይዛለሁ። ከዚያ የበሩን መቃን። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ።" ይህ መልስ ብቻውን ግማሽ ዲዛይን ነው።

የቀረውን ግማሽ ግድግዳው ይናገራል። ሰው ለዓመታት እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይወዛል። የመቃኑ አንድ በኩል ይለሰልሳል። ተማሪዎቼ መጽሐፍ ከመክፈታቸው በፊት እነዚህን ምልክቶች ፈልገው ፕላን ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከወለል ያላቸውን ከፍታም ይጽፋሉ። መያዣ ብረት የት ይገባ የሚለውን ጥያቄ የቤቱ ባለቤት እጅ አስቀድሞ መልሶታል። እኔ ከማውቃቸው የንድፍ ደንቦች ሁሉ ይህን ምልክት አብልጬ አምነዋለሁ።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ የአረጋዊውን ሙሉ ቀን ይስላሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ 12 ሰዓት የት ይቀመጣሉ? የት ይቆማሉ? ምን ይሸከማሉ? መቼ ይጣደፋሉ? "መቼ ይጣደፋሉ" የሚለው በጣም ጠቃሚ ነው። በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮኽ፣ ወጥ ሊያር ሲል፣ ሽንት ሲያጣድፍ። እግር የሚስተው በብዛት በእነዚህ ጊዜያት ነው።

ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

ጊዜ ከሌላችሁ ይህን መንገድ ብቻ አስተምሩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት ሲነሳ ግፊቱ ሊወርድና ሊያዞረው ይችላል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ሽንት ያበዛል። ዓይንም ያረጃል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ጨለማ ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ፣ በተጣጠፈ ምንጣፍ ላይ ይገናኛሉ።

ከአልጋው እንጀምራለን። ጫፉ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጥ አለባቸው፤ ጉልበት ግን ከዳሌ በላይ መሆን የለበትም። አልጋው ዝቅ ካለ መሃሉ የተቦረቦረ ወፍራም የእንጨት ኩብ ከእግሮቹ ሥር ይገባል። መቦርቦሩ አልጋው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። መብራት ቀጥሎ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በሩ ጋ ከሆነ አረጋዊው መብራቱን ለማብራት ጨለማውን ማቋረጥ አለባቸው። ከአልጋው አጠገብ እጅ የሚደርስበት መብራት ያስፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነ በባትሪ የሚሠራና ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ትንሽ መብራት በመንገዱ ላይ ዝቅ ብሎ ቢለጠፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መቆፈር የለውም፣ ፈቃድ የለውም።

ሽንት ቤቱ በግቢ ውስጥ ከሆነና ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ውይይት ነው። አንዳንድ ተማሪ ወዲያው አዲስ ሽንት ቤት ይስላል። የቀበሌ ቤት ላይ ግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቦታውም የለም። አብዛኞቹ እናቶች ሌሊት ፖፖ ይጠቀማሉ። ችግሩ ፖፖው ላይ ቁጢጥ ማለት ነው፣ ከዚያም ይዞ መውጣት። መቀመጫው ተቆርጦ ፖፖው ከሥር የሚገባበት፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር የሰፈር አናጺ ይሠራል። አንድ ተማሪዬ ክዳን ጨምሮበት ቀን ቀን ተራ ወንበር መሰለ። የቤቱ እናት በጣም የወደዱት ይህን ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አያፍሩበትም።

ባኞ ቤት ውስጥ በሩን አስቀድማችሁ እዩ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አደገኛ ነው። ሰው ውስጥ ወድቆ በሩ ላይ ከተጋደመ ቤተሰብ ገብቶ ሊያነሳው አይችልም። ወደ ውጭ እንዲከፈት ማዞር ለአናጺ ቀላል ሥራ ነው። መቀርቀሪያውም ከውጭ የሚከፈት ይሁን።

አሁን ወደ መያዣ ብረቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ አደጋ የሚያስከትለው በደንብ ያልታሰረ መያዣ ነው። ሰው አምኖት ክብደቱን ይጥልበታል፣ ከዚያ ተነቅሎ አብሮት ይወድቃል። የኮንዶሚኒየምና የብዙ አዳዲስ ቤቶች ግድግዳ በብሎኬት የተሠራ ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። በትራፓን በስታችሁ ተራ ፊሸር (ቪስ የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ብትከቱበት የሚይዘው ስስ የሲሚንቶ ቅርፊት ብቻ ነው። ፎጣ ይሸከማል፤ ሰው አይሸከምም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ግድግዳውን አሳልፎ በወዲያ በኩል በወፍራም ላሜራ ላይ በዳዶና በሮንዴላ የሚታሰር ረጅም ቡሎን ነው። በወዲያ በኩል የጎረቤት ቤት ከሆነ ይህ አይሆንም። ያኔ ብሎኬቱ በዚያ ቦታ ተከፍቶ ክፍተቱ በኮንክሪት ይሞላል፤ ቡሎኑ አብሮ ይቀበራል፤ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ማንም አይነካውም። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ብረቱ መታሰር ያለበት በግድግዳው ውስጥ ባለው ቋሚ እንጨት ላይ ነው፤ እሱም ካልበሰበሰ። ካልሆነ ከወለል እስከ ጣሪያ ወራጅ የሚቆም ምሰሶ ይሻላል።

ለመያዣው ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጥሩ ነው። የውጭ ውፍረቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እጅ ሙሉ ይጨብጠዋል። ከግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ። ከዚያ በላይ ከራቀ ሲወድቁ ክንድ በክፍተቱ ገብቶ ሊሰበር ይችላል። የአሜሪካ የተደራሽነት ደንብ መያዣ ብረት 113 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ይጠይቃል። እኛ ጋ ደንቡ ይህ ነው፦ ተማሪው ራሱ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ካልተንጠለጠለበት ሥራው አልተጠናቀቀም። አረጋዊው ከመንካታቸው በፊት ማለት ነው።

ወለሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ልጆች ከውጭ አገር ብር ልከው የወላጆቻቸውን ቤት ያሳድሳሉ። በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ነገር ግን በጣም የሚያብረቀርቅ ትልልቅ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል። ለባኞ ቤት የማያብረቀርቅና ትናንሽ ሴራሚክ ይሻላል፤ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል። ሻካራ ሆኖ የተጨረሰ ሲሚንቶም ርካሽና ጥሩ ነው። ከአረብ አገርም ሆነ ከአሜሪካ ሆናችሁ ለወላጅ ቤት የምታሠሩ ካላችሁ፣ መኝታ ክፍላቸውን ፎቅ ላይ አታድርጉት።

ደግሞ ውሃው አለ። የውጭ መጻሕፍት ውስጥ ይህን አታገኙትም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባኞ ቤቱ በርሜልና ጄሪካን ይሞላል። መያዣ ብረት የምትተክሉበት ግድግዳ በጄሪካን ይሸፈናል። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለ75 ዓመት እናት ከባድ ሸክም ነው። ውሃውን ረስቶ ባኞ ቤት የሳለ ተማሪ ቤቱን አላየውም ማለት ነው። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት በርሜሉን ጠንካራ መቆሚያ ላይ አውጥቶ ከሥሩ ቧንቧ ማውጣት ነው። ውሃው በመጣ ቀን በጎማ ይሞላል፤ ማንም አይሸከምም። አንድ በርሜል ውሃ ከ200 ኪሎ ስለሚበልጥ መቆሚያው በብረት ይበየዳል፣ ከግድግዳም ጋር ይታሰራል።

ደረጃ

ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ በብዛት የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ባብዛኛው ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። ያኔ በ45 ዓመቱ ዕጣ የወጣለት ሰው ዛሬ ከ60 አልፏል። መሬት ላይ ከነበረ የቀበሌ ቤት በልማት ተነስተው ፎቅ የደረሳቸው አዛውንቶችም አሉ። ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እድር፣ ሁሉም ከደረጃው በታች ነው።

አሳንሰር ማስገባት የተማሪ አቅም አይደለም። ግን የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ተማሪዎቼን እያንዳንዱን የደረጃ ከፍታ አንድ በአንድ አስለካቸዋለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ከዚያ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ተለይቶ ያገኙታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደረጃው በኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ሲነጠፍ ውፍረቱ ታስቦ አልነበረም። እግር የለመደውን ከፍታ ስለሚጠብቅ የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት እንኳን ያደናቅፋል። ማስተካከል ካልተቻለ የዚያን ደረጃ ጠርዝ በቀለም መለየት ይገባል። ሲያረጅ ዓይን ሰማያዊና አረንጓዴ መለየት ይከብደዋል፤ ስለዚህ በቀለም ዓይነት አትተማመኑ፣ ጥቁርና ነጭ ይሻላል።

የደረጃው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ድጋፉ ሲወጡ በግራ ከሆነ ቀኝ እጁ የደከመ ሰው ሲወጣ ይይዘዋል፣ ሲወርድ ግን በደከመው እጅ በኩል ይሆንበታል። በግድግዳው በኩል ሁለተኛ ድጋፍ መጨመር ለሁሉም ነዋሪ ይጠቅማል። የጋራ ቦታ ስለሆነ ግን የነዋሪዎች ማኅበር ይሁንታ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ስብሰባ ላይ ቀርበው ያስረዳሉ። ይህም ትምህርት ነው። ከቻላችሁ በየፎቁ ማረፊያ ላይ ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ትንሽ መቀመጫ ጨምሩ።

ስለ ራምፕ፣ በደረጃ ፋንታ ስለሚሠራው ዘመም ያለ መውጫ፣ አንድ ነገር። የታወቀው መለኪያ 1 ለ 12 ነው። ሦስት ደረጃ፣ 45 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 5.4 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ብዙ ግቢ ይህ ቦታ የለውም፤ ተማሪው ደግሞ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ስሎ ያመጣል። በከዘራ ለሚሄዱ ሰው ቁልቁለቱ የበዛ ራምፕ ከደረጃ ይብሳል። ዝቅ ዝቅ ያሉ ደረጃዎችን በሁለት በኩል ከሚያዝ ድጋፍ ጋር መሥራት ይሻላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ የጠየቀው ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ነበር። የሰው ቤት ውስጥ ሲገባ መለኪያው የሰውየው ጉልበት ነው።

የቤቱ ልማድ

ተማሪ ቶሎ "ይህን ይተዉ" ማለት ይወዳል። ቡና ማፍላቱን ይተዉ፣ በርጩማው ይውጣ፣ ቄጠማው ይቅር። አረጋዊው ግን የሚኖሩት ለእነዚህ ነገሮች ነው። ከሁሉም በላይ የምታገልበት ነጥብ ይህ ነው፦ ልማዱን ሳይነኩ አደጋውን መቀነስ።

እንግዳ ሲገባ ይነሳሉ። ትልቅ ሰው እንኳን ከመቀመጫው ተነስቶ "ኖር" ይላል። ከዝቅተኛ መቀመጫ፣ በፍጥነት፣ ምንም ሳይይዙ። ይህን ተው ማለት አይቻልም። ስለዚህ የዘወትር መቀመጫቸው ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ የማይንሸራተት፣ ከጉልበታቸው ጋር የሚመጣጠን ወንበር ይሁን፤ ፊቱም ወደ በሩ ይዙር። እንግዳው ገና ሲመጣ ያዩታል፤ ተረጋግተው ይነሳሉ። የወንበር ከፍታ ስትለኩ ከጉልበት ኋላ እስከ ወለል ያለውን የራሳቸውን ቁመት ለኩ። የአሜሪካው ደንብ ለሽንት ቤት መቀመጫ ከ43 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ይላል፤ አጠር ላሉ እናት 48 እግራቸውን ያንጠለጥለዋል።

ለቡናው ረከቦቱን ከፍ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ጀበናውንም እሳት በማይነካው መቆሚያ ላይ ማድረግ ይቻላል። እርጥብ ቄጠማ በሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ከመተላለፊያው ውጪ፣ በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ቢጎዘጎዝ ማንም አይከፋም። ከሰሉ ላይ ግን ጥብቅ ሁኑ። በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ያልቃል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ዋስትና አይሆንም። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ወደ ውጭ ይወጣል። ለዚህም ከዝናብ የተከለለ የማንደጃ ቦታ ከበሩ ውጪ መኖር አለበት። ሰው ማንደጃውን የሚያስቀምጥበት ካጣ መልሶ ያስገባዋል።

አንድ ሐጂ ለውዱእ እግራቸውን የእጅ መታጠቢያው ላይ እያወጡ ይታጠቡ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ፣ በአንድ እግር ቆመው፣ እርጥብ ወለል ላይ። ተማሪዎቹ ዝቅ ያለ ቧንቧ፣ ከፊቱ በሲሚንቶ የተሠራ መቀመጫና ውሃ መውረጃ ሠሩላቸው። ሠሪው ግንበኛ ራሱ ለእናቱ ቤት እንደዚያው ሊሠራ ልኩን ወሰደ። ስግደት ለሚሰግዱ እናትም እንዲሁ ከሥዕሉ አጠገብ ይዘው የሚነሱበት ነገር ያስፈልጋል።

ክፍል ውስጥ

የእርጅናን ስሜት ለማሳየት መነጽር ላይ ቫዝሊን መቀባት፣ ጫማ ውስጥ ሽምብራ መክተት፣ ጉልበት በፋሻ ማሰር የታወቀ ልምምድ ነው። እኔም አሠራዋለሁ፤ ደረጃ ላይ ደጋፊ ሳይኖር ግን በፍጹም። ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የምጠቀምበት። ተማሪው የሚሰማው ድንገተኛ ድክመት ነው። አረጋውያን ግን ለዓመታት ሰውነታቸውን አጥንተዋል፣ የራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። ከዚህ ልምምድ አዘኔታ ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ መጥፎ ዲዛይን ይሠራል።

ፕላን ማንበብ ለማያውቅ ሰው ፕላን ማሳየት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ንድፉ ሲያልቅ፣ ምንም ከመሠራቱ በፊት፣ ግቢ ውስጥ በጠመኔ ወይም በኖራ የቤቱን ፕላን በእውነተኛ ልኩ መሬት ላይ እንስላለን። ወንበር አልጋ ይሆናል፣ ካርቶን ሽንት ቤት ይሆናል። አረጋውያኑን እንጋብዛለን፤ የትራንስፖርታቸውን ወጪ ትምህርት ክፍሉ ይሸፍናል። በመስመሩ ላይ ይራመዳሉ። ስትሮክ የመታቸው አባት አንዴ "ልጄ፣ ብረቱ በቀኝ ነው ያለው፣ የእኔ ቀኝ እጅ ሞቷል" አሉ። ተማሪው ልኩን ከደንቡ ነበር የወሰደው። ወዲያው መስመሩን በእግሩ አጥፍቶ በግራ በኩል ሳለው።

ጁሪ ላይ፣ ማለትም የተማሪዎቹን ሥራ በሚገመግመው ቡድን ውስጥ፣ ከመምህራን ሌላ ሁለት ሰው እጨምራለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስትና በያጅ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሰው ከመቀመጫ ሲነሳ መጀመሪያ ወደ ፊት እንደሚያዘነብል ታሳያለች፤ ተማሪዎቹም ብረቱ ከጎን ብቻ ሳይሆን ከፊት ማስፈለጉን ያያሉ። በያጁ "ይሄ መታጠፊያ በኛ ማሽን አይወጣም" ይላል። በጣም የምወደው አስተያየት እሱ ነው። ነጥብ ስሰጥ ግማሹ ለምልከታው ነው። ቀሪው ደግሞ ቢያንስ አንዱ ማስተካከያ ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ በሰፈር ባለሙያ፣ ተማሪው ራሱ ሱቅ ገብቶ በጠየቀው ዋጋ ተሠርቶ በመቆሙ ላይ ነው።

"ቤቴን ሆስፒታል አታስመስሉት" የሚል ተቃውሞ ይመጣባችኋል። ልክ ናቸው። ብረቱን የበሩን ቀለም ቀቡት፣ ፎጣም ይሰቀልበት፤ ጥንካሬው ግን አይነካ። ተራ የፎጣ መስቀያ በመያዣ ቦታ ማስገባት ግን ክልክል ነው።

የቤት ሠራተኛዋን ወይም አብራቸው የምትኖረውን ልጅ አትርሱ። ወለል የምትወለውለው እሷ ናት፤ ምንጣፉን መልሳ የምታነጥፈውም። ሳሙናው በደንብ ካልታጠበ የማያንሸራትተው ወለልም ያንሸራትታል። ከአረጋዊው ጋር የተነገረው ሁሉ ለእሷም ይነገር፤ ሐሳቧም ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ አደጋው የት እንዳለ ከሁላችንም ቀድማ ታውቃለች።

አዲሶቹ ተማሪዎች ሥራ የሚጀምሩት ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩባቸውን ቤቶች በመጎብኘት ነው፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። መፍቻና ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ። የላላ ዳዶ ያጠብቃሉ፣ የዛገውን ፈትገው ቀለም ይደግሙታል። ባትሪው ያለቀ መብራት ይቀይራሉ። መያዣው ላይ ልብስ ብቻ ተሰቅሎ ካገኙት ለምን እንደማይጠቀሙበት አረጋዊውን ይጠይቃሉ፤ መልሱንም የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሥራ አድርገው ይዘውት ይመጣሉ።